ዲስኩ የአንድ ስርዓት ብቻ አይደለም!

አሁንስ በዛ! እንደ ዊንዶውስና ሊኑክስ ያሉ ሁለት ስርዓተ ክወናዎች በአንድ ዲስክ ላይ አብረው እየኖሩ የአንዱ ዝማኔ ተጭኖ አለቀ፣ ኮምፒውተሩ ተነሣ፣ የትኛው ይነሣ ብሎ የሚጠይቀው የምርጫ ዝርዝር ግን የለም። ሊኑክሱ የት ገባ? ፋይሉ ሁሉ ዲስኩ ላይ እንዳለ ነው፤ የተዘጋው መግቢያው ነው። ዩኢኤፍአይ በሚባለው አዲሱ የማስነሻ ዘዴ በሚሠራ ኮምፒውተር እኮ እያንዳንዱ ስርዓተ ክወና በማስነሻው ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፍል) ውስጥ የራሱ አቃፊ አለው። ጎረቤቱን ሳይነካ መኖር ይችላል። ታዲያ ዝማኔው የማስነሻውን ቅደም ተከተል ገልብጦ ራሱን አንደኛ የሚያደርገው በማን ፈቃድ ነው?

ሌላው የሊኑክስ ጫኚ ፕሮግራም ደግሞ ነባሩን ስዋፕ (ሜሞሪ ሲሞላ የሚያግዘውን የዲስክ ክፍል) ሳይጠይቅ እንደገና ፎርማት ያደርገዋል። ስርዓቱ የሚያውቅበት መለያው ይቀየራል። የቀድሞው ስርዓት በተነሣ ቁጥር የሌለ ፓርቲሽን እየጠበቀ 90 ሰከንድ ይገተራል። አንድ መስመር ማስጠንቀቂያ መጻፍ ይህን ያህል ይከብዳል?

ፓርቲሽን ሲሰረዝማ ጉዱ ሌላ ነው። ኤምቢአር በሚባለው አሮጌ የዲስክ አከፋፈል አምስተኛው ከጠፋ ስድስተኛው አምስተኛ ይሆናል፤ ሊኑክስን የሚያስነሣው ፕሮግራም፣ ግሩብ፣ የሚያውቀው የፓርቲሽን ቁጥር ይዛባል። ከዚያ ጥቁር ስክሪን፣ «ግሩብ ሬስኪው» የሚል ጽሑፍ፣ ብልጭ ድርግም የሚል ጠቋሚ። ስሙ ነፍስ አድን ነው፤ እርዳታ የሚያሳይ ትእዛዝ እንኳን የለውም! «እንዲህ ያለ ፓርቲሽን የለም» ብሎ ዝም። የትኛው ፓርቲሽን? ፈልጎ ያጣውን ቁጥር ለምን አይናገርም?