አገልጋይ የሚያየው ሳህኑን ብቻ ነው?

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እዚህ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ያመለጠው አፍ ግን እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። አራት ወጣቶች ለቴሌቪዥን ያዘጋጁትን ተከታታይ ድራማ የመጀመሪያ ክፍል ሊያነቡልን ጠርተውን ነበር። ድራማው ስለ አንዲት እናትና ስለ ልጇ ነው። እናትየዋ በምኒልክ የመጨረሻ ዘመን ግቢ ገብታ እንጀራ ስትጋግር እንተዋወቃታለን፤ ልጇ እዚያው ጭስ ውስጥ አድጋ፣ የእናቷን ቦታ ወርሳ፣ እስከ 1967 ዓ.ም. ታገለግላለች። መሪዎቹ የሚታዩት እነሱ በቆሙበት በኩል ነው። በበር ስንጥቅ፣ በመጋረጃ ጫፍ፣ ትሪ ይዞ ጎንበስ ባለ ዓይን።

ንባቡ አልቆ ሻይ ሲቀርብ፣ ድርሰቱ የተላከለት ጣቢያ ተወካይ ብድግ አሉና የኮሚቴያቸውን ውሳኔ ነገሩን። ድርሰቱ ተመልሷል። ታሪኩ ወደ መሪዎቹ ዞሮ እንደገና ይጻፍ፤ አገልጋዮቹ ማጀቢያ ይሁኑ። ከወጣቶቹ አንዷ «ለምን?» ብላ ጠየቀች። መልሳቸውን ቃል በቃል ጽፌዋለሁ፦ «ልጄ፣ አገልጋይ የሚያየው ሳህኑን ብቻ ነው። ታሪክ ያለው ሰነድ ላይ ነው፤ የወጥ ቤት ወሬ ታሪክ አይባልም።»

ሌላም ሌላም ተናግረዋል። በጀቱን አንስተዋል፣ የአልባሳቱን ወጪ አንስተዋል፣ ሐሳቡ ከአሜሪካ የተቀዳ ነው ብለውም ወቅሰዋል። ስለ በጀቱ እሳቸው ይወቁ፣ ኪሱ የእሳቸው ነው። ስለ ቅጂው ወጣቶቹ ራሳቸው ገና ሲጀምሩ ሳይደብቁ ነግረውናል፤ እኔም እመለስበታለሁ። የሳህኗን ነገር ግን በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም።

ሰውየው በሰነድ ስለሚምሉ በሰነድ እንነጋገር። ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሞቱ። ደርግ በማግሥቱ ያወጣው መግለጫ ሰነድ ነው። ማኅተም አለው፣ ቀን አለው፣ በሬዲዮ ተነቧል። ንጉሡ የሞቱት ከፕሮስቴት ሕመም ጋር በተያያዘ የጤና ችግር ነው ይላል። የንጉሡ ሐኪም የነበሩት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ አልተቀበሉትም። በዚያች ሌሊት ከክፍሉ ራቅ ብለው እንዲያድሩ የተደረጉት፣ ሲነጋ በድኑን ያገኙት አገልጋዮችም ሌላ ነገር ተናገሩ። ከዓመታት በኋላ ልዩ ዐቃቤ ሕግ የደርግ ባለሥልጣናትን ፍርድ ቤት አቁሞ «ንጉሡ ታንቀው ተገድለዋል» ሲል፣ ሚዛኑ የደፋው ወደ የትኛው ነበር? ወደ መግለጫው ወይስ ወደ «ሳህኑ»? ዐፅማቸው እዚያው ግቢ ውስጥ ከመሬት በታች በ1984 ዓ.ም. ተገኘ። ቀብራቸው በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተፈጸመው ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። ሰነዱ ለዓመታት ሲዋሽ፣ እውነቱን ይዞ የኖረው አልጋ የሚያነጥፍ ሰው ነበር።

ይህ አንድ አጋጣሚ ነው ለሚለኝ ወደ ኋላ ልሂድ። ምኒልክ የታመሙት ሰነዱ ሳይታመም ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሽባ ሆነው አልጋ ከያዙ በኋላ ደብዳቤው በስማቸው ይወጣል፣ ማኅተሙ ይመታል፣ ሹመቱም ይሰጣል። እቴጌ ጣይቱ በ1902 ዓ.ም. ከሥልጣን እስኪገለሉ ድረስ እልፍኙን ይዘው ማን እንደሚገባ፣ ማን እንደማይገባ የሚወስኑት እሳቸው ነበሩ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ምኒልክ አረፉ፤ ሞታቸው ከሕዝብ ተደበቀ። አሁን ተወካያችንን ልጠይቃቸው። ጌታዬ፣ ከማን ተደበቀ? ከባላገሩ፣ ከነጋዴው፣ ከውጭ አገር ቆንስላ ሊደበቅ ይችላል። ሾርባውን በማንኪያ ከምታበላው ሴት እንዴት ይደበቃል? ከፊታቸው ላይ ላብ ከሚጠርገው ልጅ፣ አንሶላ ከሚያጥበው? በዚያ ዘመን ስለ ምኒልክ እውነቱን ማወቅ የፈለገ ሰው ግምጃ ቤት ገብቶ ወረቀት ቢያገላብጥ ጤነኛ ንጉሥ ያገኛል። ወጥ ቤት ገብቶ «ዛሬ ስንት ጉርሻ በሉ?» ብሎ ቢጠይቅ ግን ታሪኩን ያገኘዋል።

አገሩ ቢቀየር ነገሩ አይቀየርም። ወጣቶቹ ሐሳቡን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካው ኤን.ቢ.ሲ. ጣቢያ በአራት ክፍል ከታየ ድራማ ነው። ማጊ ሮጀርስ የምትባል ጥቁር ሴት እ.ኤ.አ. በ1909፣ በፕሬዚዳንት ታፍት ጊዜ፣ ዋይት ሐውስ በገረድነት ተቀጠረች። ልጇ ሊሊያን ተከትላት ገባች፤ ልብስ ሰፊም ነበረች። እናትና ልጅ እስከ አይዘንሃወር ዘመን ድረስ ስምንት ፕሬዚዳንቶችን አዩ። እንግዲህ እ.ኤ.አ. በ1919 ዊልሰን ስትሮክ መትቷቸው ሲወድቁ ባለቤታቸው ኢዲት በሩን ዘግታ ለሕዝቡ «ድካም ነው» ተባለ። ጣይቱንና ኢዲትን ጎን ለጎን አስቀምጡልኝ። አሥር ዓመት እንኳ የማይሞላ ልዩነት፣ ሁለት ግቢ፣ አንድ ዓይነት በር። በሁለቱም በር የሚገባና የሚወጣው ትሪ የያዘ ሰው ነው።

ሩዝቬልትም አሉ። እግራቸው አይታዘዝላቸውም፣ የሚንቀሳቀሱት በተሽከርካሪ ወንበር ነው፤ ፎቶ አንሺዎች ግን ወንበሩን እንዳያነሱ ይደረግ ነበር። ከሰነድ፣ ከጋዜጣ ፎቶ ብቻ የሚነሣ ታሪክ ጸሐፊ ቀጥ ብሎ የቆመ ፕሬዚዳንት ያገኛል። ሊሊያን ግን በልጅነቷ በዚያው በፖሊዮ ተመትታ በክራንች የምትሄድ ሴት ነበረች። በአንድ ቤት ውስጥ፣ አንዱ አገር የሚመራ፣ አንዷ መጋረጃ የምትጠቅም፣ አንድ ሕመም። ይህን ትዕይንት የትኛው ኮሚቴ፣ የትኛው ቃለ ጉባኤ ይሰጣችኋል? ሁቨር ደግሞ ሠራተኛ ዓይናቸው ላይ እንዲቆም አይወዱም ነበርና፣ ፕሬዚዳንቱ መጡ የሚል ደወል ሲሰማ ሰዎቹ ቁም ሣጥን ውስጥ ይገቡ ነበር። የአገር መሪን ጠባይ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ንግግር ካለ ያምጡልኝ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይኼኛው ያስቀኛል። ሊሊያን እ.ኤ.አ. በ1961 ትዝታዋን በመጽሐፍ አሳተመች፤ ገበያው ተሻማበት። ወዲያው በኬኔዲ ጊዜ የቤቱ ሠራተኞች ስላዩት ስለሰሙት እንዳይጽፉ ፈርሙ ተባሉ። የሚያዩት ሳህን ብቻ ከሆነ ፊርማው ለምን አስፈለገ?

የእኛ አገር ደግሞ ለዚህ ከማንም በላይ የቀረበ ነው። ማዕረጎቻችንን ተመልከቱ። አጋፋሪ፣ አሳላፊ፣ እልፍኝ አስከልካይ፤ ግማሹ ከማዕድ፣ ግማሹ ከበር የመጣ ነው። ባልቻ ሳፎ በልጅነቱ ከጦር ሜዳ ተነሥቶ ግቢ ውስጥ ያደገ ልጅ ነበር፤ ዓድዋ ላይ መድፍ ተኳሽ፣ በኋላም የሲዳሞ ገዥ ሆነ። ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ተማርኮ የመጣ ልጅ ነው፤ በ1900 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትር ተባለ። ሁለቱም ግቢውን ያወቁት ከታች ወደ ላይ እያዩ ነው። እነሱ ላይ ሲደርስ «ጀግና» እንላለን፤ ሳይሾሙ የቀሩት ጓደኞቻቸው ላይ ሲደርስ «ወጥ ቤት» እንላለን። ልዩነቱ ሹመቱ ብቻ ከሆነ የታሪክ መለኪያችን የደመወዝ መዝገብ ነው ማለት ነው።

የፖላንዱን ጋዜጠኛ የሚያነሣብኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ አዳራሹም ውስጥ ተነሥቷል። ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ ንጉሡ ባሳተመው መጽሐፍ የግቢ ሰዎችን እያናገረ ብዙ የማይታመን ነገር ጽፏል፤ ብዙ ኢትዮጵያውያንም ተቆጥተውበታል። እሺ፣ ቁጣው ትክክል ነው። የሎሌ ወሬም እንደ ማንኛውም ወሬ ቅመም ይጨመርበታል፤ ይህን አልክድም። ጥፋቱ ግን የአገልጋዩ ነው የጸሐፊው? ደግሞስ የግቢ ታሪካችንን አንድ የውጭ ሰው ስላበላሸብን እኛ ራሳችን አንጠይቅም ማለት ነው? የምንጠይቃቸው አሮጊቶች እንደሆኑ በየዓመቱ እየቀነሱ ነው።

አክስቴ ከእነዚህ አንዷ ናት። የመሪ ቤት አላገለገለችም፤ ያገለገለችው ከዚህ የቅርብ መንገድ ከሆነው ወንጂ፣ ከሆላንዶቹ ሹማምንት ቤት በአንዱ ነው። ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ሲጀምር ገና ልጅ ነበረች፤ በኋላ ገብታ ልብስ አጣቢም፣ ምግብ አብሳይም ሆነች። ዛሬ ጉልበቷ እምቢ ብሏት ደጃፏ ላይ ትውላለች። አንድ ቀን ፋብሪካው በ1967 ዓ.ም. በመንግሥት ስለ መወረሱ ስናወራ፣ «እኔስ ቀድሜ አውቄው ነበር» አለችኝ። ሬዲዮ ሳይናገር፣ ሠራተኛ ማኅበሩ ሳይሰማ። እንዴት? እትዬ መጋረጃውን አውርደሽ እጠቢ አሏት። አጠበች፣ በከሰል ካውያ ተኮሰች። ሊሰቀል ነው ብላ ስትጠብቅ ሴትየዋ አጣጥፈው ሣጥን ውስጥ ከተቱት። በማግሥቱም የብርጭቆዎቹን ካቢኔ አጽጂ ተባለች፤ ብርጭቆዎቹ በጋዜጣ ተጠቅልለው የሉም። «መጋረጃ ያወረደ ሰው አይሰነብትም» አለችኝ፣ እጇን እያገላበጠች፣ ካውያው የያዘበትን የድሮ ጠባሳ እንደሚያይ ሰው። ስለ ወንጂ የተጻፈ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ። ቶን አለ፣ ሄክታር አለ፣ አዋጅ አለ። ሆላንዶቹ ፈርተው እንደነበር፣ ፍርሃቱ በየትኛው ሳምንት ቤት እንደገባ የነገረኝ ግን መጋረጃው ነው።

ተወካያችን ምናልባት ሳያውቁት የተናገሩት ነገር ከታሪክም ያልፋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156፣ የቤት ሠራተኛን ከሽፋኑ ውጭ ትቷታል። በሕጉ ዓይን ሠራተኛ አይደለችም። አሁን ደግሞ በድራማውም ውስጥ ሰው አትሁን እየተባልን ነው፤ ማጀቢያ ትሁን። ከበሮ ናት እንዴ? ማታ ማታ በየሳሎኑ ቴሌቪዥኑን አብራ የምታጸዳው፣ ድራማውን ቆማ በግማሽ ዓይን የምታየው እሷ ናት እኮ። ራሷን ብታይበት ማን ይከስራል?

አሁንም ወጣቶቹን አንድ ነገር ብቻ እለምናቸዋለሁ፤ አትዙሩ። ምኒልክን ወደ መሐል አምጡ ቢሏችሁ አታምጡ። የምኒልክን ድራማ፣ የኃይለ ሥላሴን ድራማ፣ ካባ ለብሶ ቀስ ብሎ የሚናገር ተዋናይ፣ ለማንም የማይከብድ ነው፤ ሌላ ሰው ይሠራዋል። እንጀራ ጋጋሪዋን ምድጃዋ ላይ ተዉልን። ጭሱ ዓይኗን እያቃጠላት፣ ወደ እልፍኙ የሄደው ማዕድ ሳይነካ ሲመለስ ቆጥራ የምታስቀምጠውን እንይ።

ስብሰባው ሲበተን ባጃጅ እስኪመጣልኝ በረንዳው ላይ ቆምኩ። ከሰዓቱን ሙሉ ግድግዳውን ተደግፋ የቆመችው፣ ሻዩን ያቀረበችልን ልጅ ስኒ እየሰበሰበች ነው። ተወካዩ ከነበሩበት ጠረጴዛ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ልጆቹ ዘመዶችህ ናቸው?»

«አይደሉም። ምነው?»

«እኚያ ሰውዬ ድርሰቱን አላነበቡትም እኮ። ምሳ ሲበሉ ለጓደኛቸው ሲነግሩ ሰምቻለሁ። ርእሱን አይቼ ነው የመለስኩት አሉ።»

ስኒዎቹን ደራርባ ወደ ውስጥ ገባች።