ኑጉን ሸጦ የሚረጋ ዘይት መሸመት

አክስቴ ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ይኖራሉ። ባለፈው ዓመት የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ሐኪም ዘንድ ቢሄዱ፣ ከክኒኑ ጋር «ቅባት ያቁሙ» የሚል ምክር ይዘው ተመለሱ። ስለ ጨው ማንም ያነሣባቸው አልነበረም። ምክሩን ግን እንደ ጾም ሥርዓት አጠበቁት፤ ቅቤውን ብቻ ሳይሆን ተልባውን፣ ኑጉንና የሱፍ ፍትፍቱን ሁሉ ከገበታቸው አነሡ፣ ጎመኑንም በውኃ ብቻ ቀቅለው ይበሉ ጀመር። ልጠይቃቸው በሄድኩበት ቀን «ተልባው ምን አጠፋ?» ብላቸው «ልጄ፣ እሱስ ቅባት አይደል እንዴ?» አሉኝ።

ቅባት መሆኑንስ ቅባት ነው። ችግሩ ይህ አንድ ቃል በሰውነት ውስጥ እጅግ የተለያየ ሥራ የሚሠሩ ነገሮችን አንድ ላይ ጠቅልሎ መያዙ ነው። ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ በቅባት እንጂ በውኃ አይሟሙም፤ በጎመን ውስጥ ያለውና ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገርም በሚገባ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ቅባት ሲያገኝ ነው። ስለዚህ አክስቴ ዘይቱን ሲያስቀሩ የጎመኑንም ጥቅም አብረው ቀነሱት። የእናት ጡት ወተት ከሚሰጠው ኃይል ግማሽ ያህሉ ከቅባት የሚገኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። የመቀንጨር ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም፣ ሕፃናቱ በዚህ ሁኔታ ላይ ባሉበት አገር ለገጠሩም ለከተማውም እኩል «ቅባት አቁሙ» ብሎ መስበክ አይገባም ባይ ነኝ። በገጠር ያለው ችግር በአብዛኛው ቅባት ማነሱ ሲሆን፣ በከተማ ያለው ደግሞ የቅባቱ ዓይነት ነው።

ስለ ዓይነቱ የሚያስረዳ ነገር ከወጥ ቤት አይጠፋም። በሐምሌ ብርድ ማለዳ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከፓልም የተጨመቀውን ዘይት የያዘ ጀሪካን ቢያነሡት ዘይቱ እንደ ቅቤ ነጭ ሆኖ ረግቷል፤ የቤቱ እመቤት እሳት ዳር አስጠግታ ካላሞቀችው አይወርድም። የኑግ ዘይት ግን በዚያው ቅዝቃዜ እንደ ፈሰሰ ያድራል። የሚያረጋው፣ የጤና ባለሙያዎች «የተሟላ ቅባት» የሚሉት ነው፤ ሲበዛ መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል በደም ውስጥ ከፍ በማድረግ የልብና የደም ሥር በሽታን ያባብሳል። ከፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ እንዲህ ያለው ቅባት ነው። በማሸጊያው ላይ «ኮሌስትሮል የለውም» ተብሎ መጻፉም ብዙ ሊያጽናናን አይገባም፤ ኮሌስትሮል በእንስሳት ተዋጽኦ እንጂ በዕፅዋት ዘይት ውስጥ ድሮውንም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ቅቤን በተመለከተ የጎጃም ሰው ሆኖ ክፉ መናገር ቀላል አይደለም፤ ቢሆንም ሒሳቡን ማየት ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ የተሟላ ቅባት ከዕለቱ ኃይል ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ መክሯል። በቀን 2000 ኪሎ ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ይህ 22 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ ንጥር ቅቤ ይጨርሰዋል። ለጋ ቅቤ ውኃ አለበት፤ በኮሰረትና በኮረሪማ ሲነጠር ውኃው ተኖ ስለሚያልቅ፣ ማንኪያ በማንኪያ ሲለካ ንጥሩ ይበልጥ ቅባት ይሸከማል። እንዲያም ሆኖ በዓመት በዓል ዶሮ ወጥ ላይ የሚፈስ ቅቤ አያሳስበኝም፤ ረቡዕና ዓርብን፣ የዓቢይ ጾምን 55 ቀናትና ሌሎቹን አጽዋማት የሚጠብቅ ሰው ከቅቤ የሚርቅበት ጊዜ ረጅም ነው። የሚያሳስበኝ በዚያ በጾሙ ወቅት በቅቤው ፋንታ ድስት ውስጥ የሚገባው ነው። ስለ ነፍሱ ብሎ ቅቤን የተወ ሰው፣ የሚረጋውን ዘይት በጭልፋ እየጨመረ ሥጋውን ወደ ሸሸው ነገር መልሶ ይወስደዋል።

በጥቅምት የጎጃም ማሳ በኑግ አበባ ቢጫ ሲለብስ ላየ ሰው ይህ ነገር ይከነክናል። ከኑግ ዘይት ሦስት አራተኛ ያህሉ ሊኖሌይክ የሚባለውና ሰውነታችን ራሱ ሊሠራው የማይችለው ቅባት ነው፤ ከተልባ ዘይት ደግሞ ከግማሽ የሚበልጠው የኦሜጋ ሦስት ወገን ነው። የተሟላውን ቅባት በእነዚህ መተካት መጥፎውን ኮሌስትሮል ዝቅ ያደርጋል። ገበሬው ግን ኑጉን በማዳበሪያ ጭኖ ገበያ ያወርድና፣ ማታ ከውጭ የመጣውን ጀሪካን አንጠልጥሎ ይመለሳል። በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ ፊቤላ የተባለው ግዙፍ የዘይት ፋብሪካ ሲመረቅ ብዙዎቻችን ተስፋ አድርገን ነበር፤ እኔ ዛሬም የምመኘው እንዲህ ያሉ ፋብሪካዎች የአካባቢውን ኑግ እንደ ልብ አግኝተው እንዲጨምቁና ፋጉሎውም ለጎጃም ከብት መኖ እንዲሆን ነው። የኑግ ዘይት ዋጋው ከፓልሙ እንደሚወደድ አውቃለሁ። ደመወዙ ወር የማያደርሰውን ሰው «ውዱን ግዛ» ብሎ መምከር ከሹፈት አይለይም።

ይሁን እንጂ ጥሩ ቅባት ለማግኘት የግድ ጠርሙስ መግዛት አያስፈልግም። በልጅነታችን ኑግ ተቆልቶና ተወቅጦ ከቆሎ ዱቄት ጋር ይለወስና ጭብጦ ሆኖ የከብት ጠባቂ ስንቅ ይሆን ነበር፤ ዘይቱን ከነፕሮቲኑና ከነአሰሩ መብላት ማለት ይኸው ነው። ተልባም እንዲሁ፤ ፍሬው ሳይደቅ ከተዋጠ አብዛኛው እንዳለ ስለሚወጣ፣ ጥቂት አመስ አድርጎ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ መውቀጥ ይሻላል፤ ተፈጭቶ ሲከርም አየር ያበላሸዋል። የኑግ ዘይትም በዚሁ ምክንያት ከብርሃንና ከሙቀት ተጠብቆ፣ በጥቂት በጥቂቱ ተገዝቶ ቶሎ ማለቅ አለበት። ደጋግሞ ለመጥበስ አይሆንም። በየመንገዱ ዳር ከማለዳ እስከ ምሽት ሳምቡሳና ቦንቦሊኖ የሚወጣበትን፣ እስኪጠቁር የማይቀየረውን ዘይትማ ዓይነቱ ምንም ቢሆን ማንም እንዲበላበት አልመክርም።

አክስቴን ያሳመንኳቸው በአንድ ቀን አይደለም። በመጨረሻ ሌላ ሐኪም ተልባው እንደማይጎዳቸው፣ ይልቅስ ጨውና በርበሬያቸውን እንዲያዩ ነገራቸው፤ በርበሬው የተነሣው ውስጡ በሚጨመረው ጨው ነው። ክኒናቸውን በየማለዳው ይውጣሉ፣ ቅቤ ለፋሲካና ለገና ብቻ ሆኗል፣ ጎመኑ ላይ አንድ ማንኪያ የኑግ ዘይት ተመልሷል። ዘንድሮ ኑጉን ወደ ገበያ ሲልኩ ሁለት ቁና አስቀርተዋል።