ሆጤ ስንት ሰው ይይዛል?

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «ይህን ሁሉ ዓመት ኳስ ስትዘግብ የማትረሳቸውን ጨዋታዎች ጻፍልን እንጂ» አለኝ። እሺ ብዬ የድሮ ደብተሮቼን ካልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁ። ግማሾቹን የደሴው ሆጤ ስታዲየም ላይ ዝናብ መቷቸዋል። ቀለሙ ፈሶ የአንዱ ዓመት ጎል ከሌላው ዓመት ቢጫ ካርድ ጋር ተቀላቅሏል። የቀሩትን አይጥ አንብባ ጨርሳቸዋለች። ተስፋ ቆርጬ ወደ ፒያሳ ወጣሁ። ያዘዝኩት ሻይ ሳይበርድ የጎደለኝ ሁሉ ተሟላልኝ። ለካ ደሴ ውስጥ ማስታወሻ መያዝ ትርፍ ድካም ኖሯል። ሁሉም ሰው እዚያው ነበር!

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ስለ ጨዋታዎቹ አይደለም። ለ«ነበርኩ» ባዮች የቀረበ ምስጋና ነው። እነሱ ባይኖሩ እኔ በዓይኔ ያየሁትን ብቻ ይዤ እቀር ነበር። እሱ ደግሞ እውነቱን ለመናገር ብዙም አይደለም።

በሆጤ ልጀምር። ሆጤን የሚያውቅ ያውቀዋል። በጨዋታው ዕለት ብርዱን የፈራው ቤቱ ይቀራል። የመጣውም ጋቢውን ተከናንቦ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፣ መሀል መሀሉ ባዶ ነው። ሜዳው የሚሞላው ጨዋታው ካለቀ ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ያኔ መግቢያ የለም። ሰው በሰው ላይ ነው፣ አጥር ላይ የተንጠለጠለው አይቆጠርም። ዝናብም አይመታቸውም፣ ትኬትም አይጠየቁም። ይህን የመሰለ ታማኝ ቲፎዞ የት ይገኛል?

አንድ ክረምት ደሴና ኮምቦልቻ የወዳጅነት ጨዋታ ነበራቸው። መጀመሪያው አጋማሽ ደህና ነበር። ከእረፍት በኋላ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ሜዳው ላይ ተኛ። መጀመሪያ የወዲያኛው ጎል ጠፋ፣ ቀጥሎ የመሀል ዳኛው ጠፋ። እኔ የማየው አጠገቤ ያለውን መስመር ዳኛ ብቻ ነው፣ እሱንም ባንዲራው ቀይ ስለሆነ ነው። የእኛ በረኛ «የት ናት? የት ናት?» እያለ ይጣራል። ከዚያ ፊሽካ ተሰማ፣ ጩኸት ተሰማ። አጠገቤ የተቀመጡትን ሽማግሌ «አባባ፣ ማን ነው ያገባው?» አልኳቸው። «ጎል ነው እንዴ?» አሉኝ። መስመር ዳኛውን ጠየቅኩት። «እኔም እንዳንተው ሰማሁ» አለ። ለዘገባዬ «ከርቀት በተመታ ኳስ» ብዬ ጻፍኩ። በጉም ውስጥ ሁሉም ነገር ሩቅ ስለሆነ አልዋሸሁም።

በዓመቱ ሸዋበር አካባቢ ፀጉሬን ልስተካከል ገባሁ። ሦስት ሰዎች ስለዚያች ጎል ይጨቃጨቃሉ። አንዱ በግራ እግር ነው ይላል፣ ሌላው በቀኝ ነው ይላል፣ ሦስተኛው ወላሂ በጭንቅላት ነው ብሎ ይምላል። (ወሎ ውስጥ ወላሂ ለማለት መስጊድ መሄድ ግዴታ አይደለም። የክርስቲያኑም መሐላ ነው።) ሦስቱም የተስማሙት ኳሷ ሸረሪት ያደራበት ጥግ ላይ በመግባቷ ብቻ ነው። «አንተ በምን አየሃት?» ብዬ ባለጭንቅላቱን ጠየቅኩት። «ከጎሉ ጀርባ ነበርኩ!» አለኝ። ጉሙ ከመውረዱ በፊት ባየሁት መሠረት ከጎሉ ጀርባ የነበረው አንድ የታሰረ በግ ብቻ ነው። በጉን እስካሁን ስለ ጨዋታው የጠየቀው የለም።

አበው «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይላሉ። አበው ደሴ ፀጉር ቤት ገብተው አያውቁም ማለት ነው። የእነዚህ ስንቅ እያደር ይከብዳል። ዘንድሮ በጭንቅላት የገባችው ኳስ ከርሞ በመቀስ ምት ትገባለች።

የኮምቦልቻዎቹ ደግሞ ሌላ ናቸው። ሐረጎን ወርዶ ሙቀቱ ውስጥ ሲገባ «ነበርኩ»ም ይለወጣል። ኮምቦልቻ የመኪና አገር ናት፣ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚሄደው መንገድ ከአዲስ አበባ ደሴ መንገድ ጋር የሚገናኝባት። ስለዚህ የኮምቦልቻው ምስክር ሜዳ ላይ ነበርኩ ብቻ አይልም። ቡድኑን በራሱ መኪና ያደረሰው እሱ ነው። ጎማ ፈንድቶም ነበር። ክሪኩን ያቀበለው አጥቂው ነው። ዘገባ ማለት ይህ ነው እንጂ የእኔ «ከርቀት በተመታ ኳስ» ምን ይረባል?

ትልቁ ክብር ግን የ1954ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ላዩት ይገባል። ጥር 13 ቀን 1954 አዲስ አበባ ላይ ግብፅ ሁለት ጊዜ መራችን፣ ሁለት ጊዜ ደረስንባት። 90 ደቂቃው 2 ለ 2 አለቀ። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው 4 ለ 2 ሆነ። ዋንጫውን ጃንሆይ ለሉቺያኖ ቫሳሎ ሰጡት። ይህን ሁሉ እኔ ያገኘሁት ከመዝገብ ነው። መናፈሻ አካባቢ የማውቀው አንድ ሰው ግን መዝገብ አያስፈልገውም። እዚያው ነበር። ፀሐዩን ሳይቀር ይነግርሃል። መታወቂያው ላይ የተወለደው በ1957 ነው። በእናቱ ሆድ ሆኖ ነው እንዳንል እንኳ ሦስት ዓመት ይጎድለዋል። እንዲህ ያለ ፍቅር ለብሔራዊ ቡድን ታይቶ አይታወቅም፤ ሳይወለድ ትኬት የቆረጠ!

ሲድኒ ኦሎምፒክ ላይም የነበረ አላጣንም። ኃይሌ ኬንያዊውን ቴርጋት በ0.09 ሰከንድ የቀደመ ጊዜ አንዱ ወዳጃችን መጨረሻው መስመር ላይ ቆሞ ነበር። «ከእኔ እስከ ኃይሌ ከዚህ እስከዚያ ወንበር ነው» ይላል። ወንበሩን ቆጥሬዋለሁ፣ በየዓመቱ እየቀረበ ነው። በቅርቡ ሜዳሊያውን እሱ ሳይወስደው አይቀርም።

አሁን ወደ ጥቅምት 4 ቀን 2005 እንምጣ። ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፍንበት እሑድ። ካርቱም ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፈን ነበር የመጣነው። 2 ለ 0 ካሸነፍን በደርሶ መልስ 5 ለ 5 ይሆናል፣ ከሜዳ ውጭ ያገባናቸው 3 ጎሎች ያሳልፉናል። አዳነ ግርማ አገባ። ሳላዲን ሰይድ ደገመ። አለፍን። አዲስ አበባ ስታዲየም 35 ሺህ ሰው ይይዛል ይባላል። እኔ ከደሴ ብቻ ያነጋገርኳቸው እዚያው የነበሩ ሰዎች ግን ለሱዳን ደጋፊ መቀመጫ አላስተረፉም። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ያን ዕለት አውቶብስ ተራ እንደ ወትሮው ነበር። በእግራቸው ሄደው ይሆናል።

እኔ የት ነበርኩ? ፒያሳ አጠገብ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ። አርባ የምንሆን ሰዎች አንድ ቴሌቪዥን ሥር ተደራርበናል። የመጀመሪያዋን ጎል አየን፣ ጠረጴዛ ተገለበጠ። ብርጭቆው ሳይለቀም መብራት ጠፋ። ባለቤቷ እትዬ ከጉያቸው ትንሽዬ ስልክ አወጡ። ሬዲዮው የሚሠራው የጆሮ ገመዱ ሲሰካ ብቻ ነው። አንዱን ጫፍ እሳቸው ጆሮ ውስጥ ከተቱት። ሌላውን «ጋዜጠኛው ይስማ» ብለው ለእኔ ሰጡኝ። ገመዱ አጭር ስለሆነ ጉንጭ ለጉንጭ ሆንን። እሳቸው ሽንኩርት ሽንኩርት ይላሉ። አርባ ሰው የጠፋውን ቴሌቪዥን ትቶ የሁለታችንን ፊት ያያል። ትንፋሽ የለም። እትዬ ግንባራቸውን ሲያጨማድዱ አርባው ያጨማድዳል፣ ሲያማትቡ አርባው ያማትባል፣ ከአርባው ሃያው ሙስሊም ነው። ድንገት «እሰይ!» ብለው ብድግ አሉ። ገመዱ ከጆሮዬ ተነቀለ። የሳላዲንን ጎል ያየኋት እንግዲህ በአንድ ጆሮዬ ነው፣ እሷኑም ግማሿን። ሌላው ሕዝብ በእትዬ ፊት ላይ አያት።

ከዚያ ቤት የወጡት ሁሉ ዛሬ ስታዲየም ነበሩ። ከአርባው ውስጥ ሠላሳ ሰባቱን በየጊዜው አግኝቻቸዋለሁ። አንዱ የሳላዲን ላብ ነክቶታል። «እኔ አላየሁትም፣ መብራት ጠፍቶ ነበር» የሚሉ እትዬ ብቻ ናቸው። ለወሬ የማይሆኑ ሴትዮ! ማንም አጠገባቸው አይቀመጥም።

የእነዚህ ሰዎች ትልቁ ጥበብ ግን መቼ እንደማይገኙ ማወቃቸው ነው። በደቡብ አፍሪካው ዋንጫ ጥር 13 ከዛምቢያ 1 ለ 1 ወጣን። 1954ን ባሸነፍንበት ቀን መሆኑ ነው፣ ቀኗን እወዳታለሁ። ዛምቢያ ላይ የነበረ ሞልቷል። ከአራት ቀን በኋላ ቡርኪና ፋሶ በረኛዋ በቀይ ወጥቶባት፣ በ10 ሰው እየተጫወተች ሦስት ጨምራ 4 ለ 0 አሸነፈችን። ያን ቀን የነበረ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። አሥር ዓመት ፈለግኩ። ሰርግ ነበረው፣ ለቅሶ ነበረው፣ አንዱ ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዶ ነበር።

በሽንፈት ጊዜ «ነበርኩ» የሚባለው ቃል ሥራ ይለቅና «ብዬ ነበር» ይተካዋል። ሰኔ 9 ቀን 2005 በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈን ደሴ በመኪና ጡሩንባ ስትናወጥ ማምሸቷን አልረሳም። እዚያው ዕለት ወሬው መጣ። ለካ ከዚያ በፊት ቦትስዋና ላይ በሁለት ቢጫ መታገድ የነበረበት ተጫዋች ተሰልፏል። ፊፋ ያሸነፍነውን የቦትስዋናውን ጨዋታ 3 ለ 0 ተሸናፊ አድርጎ ፈረደብን። በማግስቱ አንድም ሰው «ስታዲየም ነበርኩ» አላለኝም። ሁሉም «ቢጫውን ይቁጠሩ ብዬ ነበር» አለኝ። ለማን እንዳሉ ስጠይቅ ለሚስታቸው ነው። ፌዴሬሽኑ ደሴ ወርዶ እነዚህን ሚስቶች ቢያነጋግር ኖሮ!

ባለፈው ሳምንት ከመናፈሻ ወደ ፒያሳ በባጃጅ እየሄድኩ ነበር። ሹፌሩ ልጅ ነው፣ ጢሙ ገና እየተማከረ ነው። መስታወቱ ላይ የሳላዲንን ፎቶ ለጥፏል። በኋላ ማሳያው አየኝና «ጋሼ ኳስ የሚጽፉት እርስዎ አይደሉም?» አለኝ። ነኝ አልኩት።

«ሱዳንን ያሸነፍን ቀን የት ነበሩ?»

ስለ እትዬ፣ ስለ ገመዱና ስለ ሽንኩርቱ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ልጁ ግን ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ነቅሎ፣ በጉጉት ይጠብቀኛል።

«ስታዲየም ነበርኩ» አልኩት።

«አትለኝም!» አለ አንቱታውን ረስቶ። ያኔ ቢበዛ ሰባት ዓመቱ ነው። «እኔም እኮ ነበርኩ! ታዲያ እንዴት ሳንተያይ ቀረን?»

«ሰው በዝቶ ነዋ» አልኩት።