ተከራይ የሠራው ሰርቪስ

የአከራዬን ውለታ ሳልመሰክር ብሞት ኃጢአት ይሆንብኛል። በዚህ ከተማ ባለሀብት ሲባል ስሙ የሚነሳው ሕንፃ ያቆመው፣ ሪባን የሚቆርጠውና በቴሌቪዥን እጁን አጣምሮ የሚታየው ነው። በሁለት መቶ ካሬ ግቢው ስድስት ክፍል ሰርቪስ የደረደረ፣ አንድም ቀን ባንክ ደጅ ያልጠና ጀግና ግን አስታዋሽ የለውም። እኛ ተከራዮቹ «ጋሼ» እንላቸዋለን። ስማቸውን መጥራት አያስፈልግም፤ አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ጋሼ የሌለበት ሰፈር ካለ ንገሩኝ፣ ዛሬውኑ ጓዜን ጠቅልዬ እገባበታለሁ።

ተራ ሰው ቤት ሠርቶ ለማከራየት ሲያስብ አስቀድሞ ገንዘብ ፍለጋ ይወጣል። ባንክ ሲሄድ ካርታ፣ የግንባታ ፈቃድ፣ መያዣና የገቢ ማስረጃ አምጣ ይባላል። እቁብ ቢገባ ደግሞ ዕጣው እስኪደርሰው የሲሚንቶ ዋጋ ጥሎት ሄዷል። ጋሼ በዚህ ሁሉ አልደከሙም። ግቢያቸው ውስጥ አራት ካስማ ተከሉ፤ በካስማዎቹ ዙሪያ ገመድ ወጠሩ፤ ከዚያ ደላላ ጠሩ። ደላላው ያመጣው የመጀመሪያው ሰው እኔ ነበርኩ። ጋሼ ገመዱን አሻግረው፣ «አልጋህ እዚህ ጋር ይሆናል፤ መስኮቱ በፀሐይ መውጫ በኩል ነው» አሉኝ። መስኮቱ ይሆናል በተባለው ቦታ አንዲት ዶሮ መሬቱን ትጭር ነበር።

የስድስት ወር ቅድሚያ ከፈልኩ። በእኔ ስድስት ወር ባሕር ዛፉና ቆርቆሮው ተገዛ። ከጎኔ ያለችው ነርስ በከፈለችው የእኔ ግድግዳ ተመረገ። ሦስተኛው ተከራይ ሲመጣ ለእኔ በር፣ ለነርሷ ሊሾ ደረሰን። እንዲህ እንዲህ እያልን አንዳችን የሌላችንን ቤት ሠርተን ስንጨርስ ባለቤቱ ጋሼ ሆነው ተገኙ። አንድ ብር ከኪሳቸው አልወጣም ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል፤ ገመዱን የገዙት እሳቸው ናቸው።

ሥራው የሚካሄደው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እሑድና በዓላት ነው። የጋሼ መንፈሳዊነት እዚህ ላይ ይታያል። ሌላው ሰው በዓል ሲሆን ያርፋል፤ እሳቸው ደንብ አስከባሪዎች ዕረፍታቸውን በሰላም እንዲያሳልፉ ብለው በዓልን በምስማር ያከብራሉ። አምስተኛዋ ክፍል የፋሲካ ለት ቆርቆሮ ለብሳለች።

የጭቃ ቤት ወጉ እንደሚታወቀው ሌላ ነው። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ይሰነብታል፣ ተመርጎ ይደርቃል፣ ሲሰነጠቅ ሁለተኛ ይመረጋል፣ ከዚያ ኖራ ይቀባል። የእኔ ግድግዳ የደረቀው በእኔ ትንፋሽ ነው። በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከጭዱ ጋር የገባ የጤፍ ፍሬ ኖሮ ራስጌዬ ላይ አረንጓዴ ቡቃያ ብቅ አለ። ጋሼን ጠርቼ አሳየኋቸው። በጣታቸው ነካ ነካ አድርገው፣ «ረድኤት ነው፤ እንዳትነቅለው» አሉኝ።

ልጃቸው አሜሪካ ትኖራለች። አንድ እሑድ በስልክ ስታነጋግራቸው ድምፅ ማጉያው ተከፍቶ ስለነበር ግቢው በሙሉ ሰማ። እዚያ አገር ኤፍ ኤች ኤ የሚሉት፣ መንግሥት ዋስትና የሚሰጠው ብድር አለ። የብድር ታሪኩ ደህና የሆነ ሰው ከዋጋው 3.5 በመቶውን ብቻ ከፍሎ እስከ አራት ቤተሰብ የሚይዝ ቤት ይገዛበታል፤ በአንደኛው ቤት ቢያንስ አንድ ዓመት ራሱ ይኖርበታል፤ የቀሩትን አከራይቶ ዕዳውን ያቃልላል። እሷና ባለቤቷ ይህንኑ ሊሞክሩ ነው፤ ለጥገናና ተከራይ ለሚጠፋበት ወር የሚሆን ተቀማጭም እያጠራቀሙ ነው። ጋሼ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጧት። ከዚያ፣ «ሦስት ተኩል በመቶው ከየት ነው የሚመጣው?» አሉ። «ከኪሳችን ነዋ አባዬ።» ጋሼ ስልኩን ከጆሯቸው አራቅ አድርገው በሐዘን አዩት። «ከገዛ ኪስ! ልጄን ሰው አገር አሞኟት» አሉ።

ለጥገና ተቀማጭ መያዝ የሚባለው ነገር በተለይ አልገባቸውም። ባለፈው ክረምት ጣሪያዬ አፈሰሰና ነገርኳቸው። ገብተው ቀና ብለው ኮርኒሱን አዩት፤ ኮርኒስ የምለው የማዳበሪያ ጆንያ ነው። «የት ላይ ነው የሚያፈሰው?» «አልጋው ላይ።» «ታዲያ አልጋውን አታዞረውም?» አዞርኩት። ከሐምሌ እስከ ጳጉሜን አልጋዬ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ክፍሉን አንድ ጊዜ ዞረና ለእንቁጣጣሽ ቦታው ላይ ተመልሶ ገባ።

ጋሼ ሕግ አክባሪ ናቸው። በ2016 አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጣ፤ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ። የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ፣ ውሉ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይሁን ይላል። ጋሼ ሕጉን ከመውደዳቸው የተነሣ በአንድ ውል አልጠገቡም፤ ሁለት አዘጋጁ። አንደኛው 3,000 ብር ይላል፤ እሱ ወረዳ ሄዶ ተመዘገበ። ሁለተኛው 7,000 ብር ይላል፤ እሱ ዳዊታቸው ውስጥ ነው የሚኖረው። 3,000ውን በባንክ አስገባለሁ፤ 4,000ውን ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ እሰጣቸዋለሁ። ከሁለት ወር የሚያልፈው ቅድሚያ ደግሞ ቅድሚያ መባሉ ቀርቶ «ወንድማዊ ብድር» ተብሏል፤ ይህን ብድር የሚመልስ ሰው እስካሁን አላየሁም።

የሁለት ዓመቱን ነገር የያዙት በልጃቸው በኩል ነው። ኪራይ መጨመር ሲፈልጉ አይጨምሩም፤ ጨዋ ናቸው። «ልጄ ልትመጣ ነው፤ ቤቱን ለእሷ ላዘጋጅ» ይላሉ። ይህን የሰማ ተከራይ ሌሊቱን ሲያሰላ አድሮ ጠዋት ራሱ፣ «ጋሼ፣ እባክዎ 1,000 ልጨምርና ልቆይ» ይላል። እኔ በገባሁ በሦስት ዓመት ውስጥ ልጅቷ ስምንት ጊዜ ልትመጣ ነበር። አንዳንዴ ልጅቷ ሰው ሳትሆን የዋጋ ግሽበት ትመስለኛለች።

የመብራት አስተዳደራቸው ለብቻው ሊወራለት ይገባል። ለሰባት ቤት፣ የጋሼን ትልቁን ቤት ጨምሮ ማለት ነው፣ አንድ ቆጣሪ አለ። የመብራት ታሪፍ እርከን አለውና ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። ለየቤቱ ቆጣሪ ቢገባ አንድ አምፖልና አንድ የስልክ ቻርጀር ያለን ሰዎች ታችኛው እርከን ላይ እንቀር ነበር። ሁላችንም በአንድ ቆጣሪ ስንጠባ ግን ተደማምረን ላይኛው እርከን ላይ እንወጣለን። እኔ በሕይወቴ ከሀብታም ጋር እኩል ተቆጥሬ የማውቀው በዚህ ብቻ ነው። ሒሳቡ 1,800 ብር ሲመጣ ጋሼ ለስድስት ያካፍሉታል፤ 300፣ 300 ይደርሰናል። ሰባተኛው ቤት፣ ፍሪጁና ምጣዱ ያለበት ማለት ነው፣ የት ገባ ብላ ነርሷ አንድ ጊዜ ጠይቃ ነበር። «ቆጣሪው በእኔ ስም ነው» አሏት፤ በስማቸው ያለ ነገር እንዴት ያስከፍላቸዋል? ለእኛ ምጣድ ክልክል ነው፤ ካውያ በወር ሁለት ጊዜ ይፈቀዳል። ሦስት ሰዓት ሲሆን አምፖሉ ይጠፋል፤ በሩም ይቆለፋል። ሦስት ተኩል ላይ የደረሰ ሰው ውሻው እስኪያውቀው ድረስ ስሙን ከውጭ ይጠራል።

ውኃ በፈረቃ ስለሆነ የሮቶው ክዳን ላይ ቁልፍ አለ፤ በቀን ለአንድ ቤት ሁለት ጀሪካን ይፈቀዳል። አራተኛዋ ክፍል ያሉት ባልና ሚስት ልጅ የወለዱ ለት እትዬ ገንፎ ይዘው ገቡ፤ ጋሼ ደብተር ይዘው ተከተሉ። ሕፃኑ ክርስትና ለመነሣት አርባ ቀኑን ጠበቀ፤ ኪራዩ ግን አርባ ቀን አልጠበቀም። «ዳይፐር አያጠቡም፣ ይጥሉታል» ብንላቸው፣ «አይ፣ የማየው እድገቱን ነው» አሉ።

ይህን ሁሉ ጥበብ ከየት አመጡት ለሚል፣ ከታሪክ ነው። ደርግ በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወርስ አባታቸው ሁለት ቤት ሄዶባቸዋል። ወር ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች ሆነ። የጋሼ አባት የገዛ ቤታቸውን በርቀት እያዩ ነው የሞቱት። ያ በደል በደል ነው፤ በእሱ አልቀልድም። ልጅየው የተማሩት ነገር ግን ቤት በሕግ ፊት መታየት የለበትም የሚል ሆኖ ቀረ። «እኔ ትርፍ ቤት የለኝም» ይላሉ እስከ ዛሬ፤ «ያለኝ ትርፍ በር ነው።»

ባለፈው ሚያዝያ ሁለት የገቢ ሠራተኞች በሮቹን ሊቆጥሩ መጡ። የኪራይ ገቢ በሰንጠረዥ «ለ» ግብር ይከፈልበታል፤ ጋሼም ሰንጠረዡን ሳይሆን ፊደሉን ብቻ ነው የሚያውቁት። በዚያች ቅጽበት ጀበናው ተጣደ፣ ቄጠማ ተጎዘጎዘ፣ እኛም ከየክፍላችን ተጠርተን በርጩማ ተሰጠን። በሦስት ዓመት የመጀመሪያ ቡናዬ ነው። «እነዚህ ሁሉ እነማን ናቸው?» አለ አንደኛው። «ቤተ ዘመድ ናቸው» አሉ ጋሼ። ነርሷ የወንድማቸው ልጅ፣ ከወላይታ የመጣው ግንበኛ የአክስታቸው ልጅ፣ እኔ የእህታቸው ልጅ ሆንን። ሠራተኛው ወደ እኔ ዞሮ፣ «እናትህ ማን ትባላለች?» አለኝ። የእናቴን ስም ነገርኩት። ጋሼ ከአፌ ነጥቀው፣ «እህቴ! ነፍሷን ይማር» ብለው ዓይናቸውን ጠረጉ። እናቴ ደሴ በጤናዋ አለች። ሁለቱ ሠራተኞች ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «እግዜር ያጥናህ» አሉኝ፤ እኔም «አሜን» አልኩ።

በሩ ከኋላቸው ሲዘጋ ሦስተኛው ቡና ገና አልወረደም ነበር። ጋሼ ክንዴን ይዘው ወደ ሽንት ቤቱ ወሰዱኝ። ከጎኑ፣ ልብስ የምናሰጣበት ቦታ አለ። «ሰባተኛዋን እዚህ ላወጣት ነው» አሉ። «የአንድ ዓመት ብቻ ብታስቀድምልኝ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ቤት አለኝ።»

«ለአንተ መች ሆነና። እናትህ ብቻዋን ደሴ ምን ታደርጋለች? አምጣትና ከአጠገብህ ትኑር።»

«ነፍሷን ይማር ያሉላትን?»

«እሱማ ለግብር ነው» አሉና ዶሮዋን እሽ ብለው ካስማውን ሊተክሉ ጎንበስ አሉ።