ስለ ጓሳ የምግብ መረብ አንድ እርማት

በሰሜን ሸዋ ስለሚገኘው የመንዝ ጓሳ ደጋ የምግብ መረብ (ማን ማንን እንደሚበላ የሚያሳይ ትስስር) በሥዕል ተደግፎ የቀረበው ጽሑፍ ሥነ ምህዳሩን «ሣር፣ አይጥ፣ ቀይ ቀበሮ» በሚል አንድ ሰንሰለት ማስረዳቱ ለጀማሪ አንባቢ መልካም ቢሆንም፣ «ኃይል እንደ ንጥረ ነገር ይዞራል» የሚለው አገላለጽ ግን መታረም ይኖርበታል። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በፋንድያና በብስባሽ አማካይነት ወደ አፈር ይመለሳሉ፤ ከፀሐይ የመጣው ኃይል ግን በየእርከኑ (ከሣር ወደ አይጥ፣ ከአይጥ ወደ ቀበሮ ሲተላለፍ) በሙቀት መልክ እየባከነ ስለሚወጣ ወደ ሣሩ ተመልሶ አይገባም። ወደሚቀጥለው እርከን የሚሻገረው በአማካይ 10 በመቶ ገደማ ነው (ልኩ ከቦታ ቦታ ይለያያል)፤ በዚህ ስሌት 1000 ኪሎ ካሎሪ ሣር ለአይጥ 100፣ ለቀበሮ 10 ያህል ብቻ ይተርፈዋል።

ሰንሰለት ከማለት መረብ ማለት የሚሻልበትን ምክንያት ደግሞ እኛ የአካባቢው ሰዎች በዓይናችን እናየዋለን። ጠዋት ውርጩ ሳይለቅ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ቁጭ ብለው ሣሩን በጣታቸው ሲነጩ፣ ቀይ ቀበሮ አንገቱን ደፍቶ በመካከላቸው ቀስ እያለ ይራመዳል፤ እነርሱም አይሸሹትም። በጓሳ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት፣ ቀበሮው በመንጋው መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከሙከራዎቹ 67 በመቶው፣ ለብቻው ሲያድን ግን 25 በመቶው ብቻ እንደሚሳካለት አሳይቷል። ጭላዳው ለቀበሮው ምግብ ሳይሆን አዳኑን የሚያቀልለት ጎረቤት ነው ማለት ነው፤ በጽሑፉ ሥዕል ላይ ግን ጭላዳ ጨርሶ የለም። ለቤት ክዳን ታጭዶ የሚወጣው የጓሳ ሣርም ከመረቡ የሚጎድል ኃይል ስለሆነ በሥዕሉ ቢካተት ጥሩ ነበር።