ማነጻጸሪያው ሴል ከየት መጣ?

አስተያየት የምሰጥበት ጥናታዊ ጽሑፍ፣ ሚውቴሽን (የጂን ለውጥ) ካለበት ታካሚ ስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊቀየር ከሚችል ሴል) የተሠሩ የልብ ሴሎችን ከሌላ ጤነኛ ሰው ሴሎች ጋር ያወዳድራል። ሁለት ሰዎች ግን የሚለያዩት በአንድ ሚውቴሽን ብቻ አይደለም። ተገቢው ማነጻጸሪያ ሚውቴሽኑ በክሪስፐር (ጂን ቆርጦ በሚያርም ዘዴ) የታረመለት የዚያው ታካሚ ስቴም ሴል ነው።

እርማቱም ወጥመድ አለው። የታረመ የሚመስል ክሎን (ከአንድ ሴል የተባዛ የሴሎች ቡድን)፣ ከጂኑ ሁለት ቅጂዎች የታመመው በሰፊው ተቆርጦ ስለጠፋ ፒሲአሩ (የዲኤንኤ ቁራጭ አባዝቶ የሚያሳየው ምርመራ) ጤነኛውን ብቻ እያነበበ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፒሲአሩ ረዘም ያለ ቁራጭ እንዲያባዛ ተደርጎ፣ በሁለቱ ቅጂዎች የሚለያይ ሌላ የዲኤንኤ ፊደል በውስጡ ይፈለግ፤ ሁለቱም ፊደላት ካልታዩ ክሎኑ ይጣል። የክሮሞሶም 20 ረጅም ክንድ ትንሽ ክፍል መባዛትም ለብቻው ይፈተሽ፤ ተራ ካርዮታይፕ (ክሮሞሶሞችን በማይክሮስኮፕ የሚያይ ምርመራ) ብዙ ጊዜ ያልፈዋል።

ጽሑፉ አንድ መስመር እንኳ ያልሰጠው የሴሎቹ ዕድሜ ነው (ለእኔ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው)። ወደ ልብ ሴል መቀየር ከጀመሩ በ15ኛው ቀን ሴሎቹ ይመታሉ፣ ግን ገና የፅንስ ልብ ይመስላሉ፤ ኤምዋይኤች6 የተባለውን ጂንም በብዛት ይጠቀማሉ። ሴሎቹ ሲበስሉ በብዛት በሚጠቀሙበት በሌላው ጂን፣ በኤምዋይኤች7 ላይ ያለ ሚውቴሽን ያን ጊዜ ጉዳቱ ላይታይ ይችላል። ቢያንስ ከ30ኛው ቀን በኋላ፣ ቢቻል በ60ኛው ይለካ።

ደግሞ ከአንድ የሴል ማሳደጊያ ሳህን የተለኩ 200 ሴሎች 200 ናሙና አይደሉም። ሁለት ወይም ሦስት ክሎን፣ እያንዳንዱም በሦስት የተለያዩ ዙሮች ወደ ልብ ሴል የተቀየረ፣ ያስፈልጋል።