ካላመመ አይሠራም ያለው ማነው?
ይህ አስተያየት የምሰጥበት ጽሑፍ «ዮጋ ካላመመ አይሠራም» የሚለው ላይ አልስማማም። እኔም እንደዛ ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ ጣቴን መሬት ለማስነካት ስታገል ወገቤን ያዘኝና ሁለት ሳምንት ጎንበስ ማለት አቃተኝ። ከዚያ ነው የቫንዳ ስካራቬሊን የዮጋ መንገድ የሚያስተምሩ ሴትዮ ያገኘሁት። ስካራቬሊ እ.ኤ.አ. በ1999 ያረፉ ጣሊያናዊት ናቸው፤ የታዋቂው ህንዳዊ የዮጋ መምህር የአይንጋር ተማሪ ነበሩ፣ ዮጋ የጀመሩትም 40 ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። በሳቸው መንገድ መግፋት የለም። እግር ክብደቱን ለመሬት ይለቃል፣ ትንፋሽ ሲወጣ አከርካሪ ይፍታታል። የመጀመሪያው ቀን ግማሹ ሰዓት በጀርባ ተኝቶ መተንፈስ ብቻ! ገንዘቤን የተበላሁ መስሎኝ ነበር። ከላይ በአስተያየትህ ዮጋን «የሰነፍ ስፖርት» ያልከው ወንድሜ፣ አንድ ወር ሞክረውና እንነጋገራለን። ጣቴ አሁንም መሬት አይደርስም፤ ጠዋት ጫማዬን ሳስር ግን ወገቤ ዝም ይላል።